አሥር እልልታ በውቤ በረሃ

ስለ ውቤ በረሃ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ስለ ጠጁና ስለ ቢራው፣ ስለ ዘፈኑና ስለ ጠቡ፣ ስለ ወይዘሮ አሰገደች አላምረው ቤትና ሌሊቱን እዚያ ስለሚያነጉት ሰዎች ነው። ያ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ግን ሰፈሩ ሰው የሚወለድበትም ሰፈር ነበር። ከየመጠጥ ቤቱ ጀርባ የጭቃ ቤቶች ተደጋግፈው የቆሙባቸው ግቢዎች ነበሩ፤ አራስ የማይገኝበት ወር አልነበረም። በ1964 ክረምት መንታ የወለድኩት ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ ነው። የዚያን ጊዜውን የአራስ አያያዝ፣ በተለይ የመንታውን፣ በእጃቸው የሠሩት ሴቶች አንድ በአንድ እያለፉ ነው። ማንም አልጻፈላቸውም፤ እኔ የማውቀውን ልጻፍላቸው።

ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ከመሆናቸው በፊት ባላቸው የነበሩ መኳንንት ናቸው። ጣልያን ሲገባ የአራዳን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወረው፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ። ከ1933 በኋላ ደግሞ ከየክፍለ ሀገሩ ባሏን የፈታች፣ ባሏ በጦርነት የሞተባት፣ ወይም ሳትፈልግ የተዳረችና የጠፋች ሴት ሁሉ ወደዚህ መጣች። ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ ወይ ጠላ ጠምቃ ወይ ቡና ቤት ገብታ ኑሮዋን ትጀምራለች። ዘመድ የላትም። ስትታመም የምትጠራው፣ ስትወልድ ወገቧን የሚይዝላት ጎረቤት ብቻ ነው። የሰፈሩን የአራስ ሥርዓት ያጠነከረው ይህ ይመስለኛል፤ በገጠር እናት፣ አማትና እህት የሚሠሩትን፣ እዚህ ደም የማያገናኛቸው ሴቶች ሊሠሩት ግድ ነበር።

የእኛ ግቢ አንድ በር፣ አንድ ማድ ቤት፣ አንድ መጸዳጃ ነበረው። ግድግዳው የጎረቤትን ሳል ያሰማል። ባለቤቴ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በማታ ፈረቃ ይሠራ ነበር። ከእኛ ቀጥሎ ጠላ ሻጯ፣ ከዚያ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ወታደር ሚስት የነበረች ባልቴት፣ ከዚያ አራት ወር የሞላው ልጅ የምታጠባ የጎጃም ሴት፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት የሚሠሩ ሁለት ሴቶች ይኖሩ ነበር። ባለ ግቢዋ ከሁሉም በላይ ባለው ክፍል ነበሩ።

ሐኪም ቤት አልነበረም ማለቴ አይደለም። ምኒልክ ሆስፒታል ነበረ፤ ራስ ተፈሪ ያቋቋሙት ቤተ ሳይዳም ስሙ ተቀይሮ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆስፒታል ሆኖ ነበር፤ በጋንዲ ስም የተሠራው የእናቶች ሆስፒታልም ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ሆኖም ወሊድን የምንፈራው ሐኪም ስለሌለ ብቻ አልነበረም። በእናቴ ዘመን ሴቶች ሁሉ የሚያነሱት የልዕልት ፀሐይን ነገር ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ፣ በስደቱ ጊዜ ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርቷን የጨረሰች፣ በ1934 ነሐሴ ለቀምት ላይ በወሊድ ምክንያት አረፈች። ገና 22 ዓመቷ ነበር። እናቴ ይህን ስትናገር ድምጿ ይለወጥ ነበር፤ ሐኪምም፣ ገንዘብም፣ ዙፋንም ያላተረፋትን ሴት እያሰበች። በልዕልቲቱ ስም የተሠራው ሆስፒታል አዋላጅ ነርሶችን ሊያሠለጥኑ ሬጅናልድና ካትሪን ሐምሊንን ከአውስትራሊያ ያስመጣው በ1951 ነው። በፌስቱላ ስማቸው የታወቀው ባልና ሚስት ወደዚህ አገር የመጡት ለማዋለድ ትምህርት ነበር።

እኔን ምጥ የያዘኝ ሌሊት ነው፤ ዝናቡ ያወርደዋል፤ ባለቤቴ ሥራ ላይ ነው። የተጠሩት አዋላጅ ከደብረ ብርሃን የመጡ አሮጊት ነበሩ፤ ሰፈሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል። ሴቶቹ በር ላይ ሆነው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ። ወንዱ ወጣ። በሰፈራችን ልማድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል ይባላል፤ ሰባቱን ጀመሩት። አራተኛው ላይ ሲደርሱ እማማ እጃቸው ሆዴ ላይ እንዳለ «ዝም በሉ! ሌላም አለ» አሉ። ያን ጊዜ እኛ ዘንድ መንታን አስቀድሞ የሚያሳይ መሣሪያ የለም፤ የሚያውቀው የአዋላጅ እጅ ነው፤ እሱም አንዳንዴ የሚያውቀው ልክ እንዲህ መጨረሻ ላይ ነው። ዝናቡ ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሴቷ መጣች፤ በጣም ትንሽ፣ ድምፅዋም የድመት ልጅ ድምፅ የሚመስል። እማማ እንግዴ ልጁ እስኪወጣ ማንንም አላናገሩም። ሲጨርሱ ሴቶቹ ክርክር ገጠሙ፤ የተቋረጠው ከየት ይቀጠል? የሴቷስ ለብቻው ነው ወይስ አብሮ? ባለ ግቢዋ «ሰባቱም ሦስቱም ከነሙሉው ይባል» ብለው ፈረዱ። ፊት ለፊት ያለው ቡና ቤት ሙዚቃውን አቁሞ ሰው በር ላይ ወጥቶ አዳመጠ። አሥር እልልታ ያን ሌሊት ተቆጠረ።

መንታ በአገራችን ሁሉ እንዲህ ያለ አቀባበል አያገኝም ነበር። በደቡብ ኦሞ በካራ፣ በሐመርና በበና ዘንድ መንታ ከሚንጊ ይቆጠር ነበር፤ መዓት ያመጣል ተብሎ ሕፃናቱ ይጣሉ ነበር። ካራዎች ይህን ልማድ መተዋቸውን ያወጁት በ2004 ነው። በእኛ ዘንድ መንታ በረከት ነው፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ ይመጣል። ሁለቱም ይተርፉ ይሆን? ማንም በአፉ አይለውም፤ ሁሉም ግን ወደ ትንሿ ያያል።

በማግሥቱ የገብስ ገንፎ ተገነፋ፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ፈሰሰበት። ጠያቂ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል፤ ይጎርሳል፤ ይመርቃል። ለእኔ የአጃ አጥሚት በቅቤና በማር በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣል፤ ሆዴ በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል፤ ከራስጌዬ ቢላ ተቀምጧል። አራስ ብቻዋን አትተውም። ቢላው ለምን እንደሆነ የሚያምነውም የማያምነውም ያውቃል። ብቻዋን አለመተዉ ግን ከቢላው የበለጠ ጥበብ እንደነበረበት ዛሬ አምናለሁ፤ ደም የሚፈሳት አራስ የምትሞተው ብዙ ጊዜ ያየ ሰው ሳይኖር ነው።

ስለ ትንሿ ግን ዘርዘር አድርጌ ልናገር። እማማ ከጠላ ሻጯ ባዘቶ አስመጡ፤ ለፈትል የተዘጋጀ፣ እንደ ደመና የለሰለሰ ጥጥ። እግሯንና ጀርባዋን በባዘቶ ከበቡ፤ ደረቷንና ሆዷን ግን ራቁት ተዉት። ከዚያ ባልቴቷን ጠርተው ቀሚሷን እንድትፈታ አደረጉና ሕፃኗን በጡቶቿ መሐል በደረቷ ላይ አስተኟት፤ ከላይ ጋቢ ደረቡ፤ በነጠላ ከወገብ እስከ ትከሻ አሰሯት። ራሷ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫዋ ይታያል። «ትንፋሽሽን ትስማ፤ ልብሽን ትስማ» አሏት። ባልቴቷ እንደዚያ ሆና ቡና ትቆላለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። ሲደክማት ጠላ ሻጯ ትቀበላታለች። ሕፃኗ ሣጥንም አልጋም ሳታይ ሳምንታትን ከደረት ወደ ደረት አሳለፈች። በ1970 ዓመተ ምሕረት አካባቢ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ዶክተር ኤድጋር ሬይ የሚባሉ ሐኪም ኢንኩቤተር ቢያንሳቸው ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማቆየት ጀመሩ፤ ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ ተብሎ በዓለም ሁሉ፣ በእኛም ሆስፒታሎች ይሠራበታል። ይህን ከነርስ ልጄ በሰማሁ ጊዜ እማማን አስታወስኩ፤ ያን ያወቁት ከማን እንደሆነ ባለመጠየቄም አዘንኩ።

ማጥባቱ ሌላ ጭንቅ ነበር። ወንዱ አፉን ከጡት አይነቅልም፤ ሴቷ ሁለት ጊዜ ስባ ትተኛለች። የትኛው ከየትኛው ጡት እንደጠባ ይጠፋኛል፤ እንቅልፍ ሰውን ያሳብዳል። ባለ ግቢዋ መርፌ ቁልፍ ሰጡኝ፤ ወንዱ በግራ ከጠባ በግራ ደረቴ ላይ እሰካዋለሁ፤ በሚቀጥለው ወደ ቀኝ አዛውረዋለሁ። ያ መርፌ ቁልፍ ሌሊት በጨለማ በጣቴ የምዳስሰው ሰዓቴ ነበር። የጎጃሟ ሴት በየቀኑ ማለዳ የራሷን ልጅ አጥብታ ስትጨርስ መጥታ ሴቷን ትወስዳለች፤ ጡቷ ስለበረታ ወተቱ ሳትደክም ይገባላታል። ልጄ እስከ ዛሬ «የጡት እናቴ» ትላታለች። የሾላ ወተትም ሞክረናል። ከጦርነቱ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት እርዳታ ከመጡት የፈረንጅ ላሞች የተጀመረው የሾላ ወተት ሥራ በእኔ ጊዜ ፒያሳ ድረስ ይደርስ ነበር፤ ግን ጡጦ መቀቀል በአንድ የከሰል ምድጃ፣ ውሃ ከቦኖ እየተቀዳ፣ ለሁለት ሕፃን አይሆንም። አንድ ጊዜ ተቅማጥ ከጀመራቸው በኋላ እማማ ጡጦውን ራሳቸው ወስደው ሰበሩት። ኋላ ጥርስ ሲያወጡ ያሳደጋቸው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ምግብ ክፍል ያወጣው ፋፋ ነው፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልምጣ። መንታ የወለደች ሴት ችግሯ ቀን አይደለም፤ ቀን ሰው ሞልቷል። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ነው። ጠላ ሻጯ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች፤ ባልቴቷ ታመመች፤ ባለቤቴ ፈረቃ ላይ ነው። በግቢው በዚያ ሰዓት ነቅተው የሚገቡ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የቡና ቤቱ ሴቶች። እነሱን ግን ልማዱ ከአራስ ቤት አግዷቸዋል። ወንድ የቀረባት ሴት ወይም የወር አበባ ላይ ያለች ወደ ጨቅላ ከገባች ጥላዋ ሕፃኑን ይወጋዋል ይባላል፤ ሕፃን ሲከሳ፣ ሲያስመልስ «ጥላ ወግቶት ነው» ነው የሚባለው። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ስጦታቸውን፣ ሳሙናና አቡጀዲ ጨርቅ፣ ለሰው ሰጥተው ያስገቡ ነበር፤ ራሳቸው ግን ከበሩ መለስ ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለውኝ ይሄዳሉ። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል። የሰፈሩ ገንዘብ በእነሱ ድካም ይገባል፤ የእድሩን ወርኃዊ መዋጮ ሳያጓድሉ ይከፍላሉ፤ አራስ ቤት ግን አይገቡም።

አንድ ሌሊት ሁለቱም ሕፃናት አብረው ያለቅሳሉ፤ እኔም ሦስተኛ ሆኜ አለቅሳለሁ። ታላቋ ሴት በር ላይ መጥታ ቆመች። እማማ ያን ሌሊት እኛ ዘንድ አድረው ነበር። «እማማ፣ ዛሬ ሰው አልቀረበኝም፤ ልብሴንም ቀይሬአለሁ፤ እጄንም በሳሙና ታጥቤአለሁ። አንዱን ልያዝላት?» አለች። ሽቶውን ለማስለቀቅ ፊቷን እስኪቀላ እንዳሸችው በኩራዙ ብርሃን አየሁ። እማማ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «ግቢ ልጄ። ሕፃን የሚገድለው ብርድና ረሃብ ነው» አሉ። ገባች። ወንዱን ተቀብላ በትከሻዋ ላይ ደገፍ አድርጋ ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው ወዲያው ጸጥ አለ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ያለው የሁለቱ ሴቶች ሆነ፤ አንዷ ስትመጣ ሌላዋ ትተኛለች። ወሬው ከግቢ ግቢ ሄደ፤ የተቆጣም ነበር። ንስሐ አባታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ሰው ነገራቸው፤ ረጭተው፣ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ለሁሉም መስቀል አሳልመው ሄዱ። ለሁለቱም ሴቶች አሳለሙ።

ውቤ በረሃ ሌሊቱን የሚያነጋ ሰፈር በመሆኑ የጠቀመው ሰው ካለ አራስ ናት። ሻይ የሚያፈላ፣ ከሰል የሚሸጥ፣ መድኃኒት ቤት የሚልኩት ልጅ በዚያ ሰዓት የሚገኘው ሌላ የት ነው? ስለ ሰፈሩ ሌሊት የጻፉ ሰዎች ይህን ሌሊት አላዩትም፤ ከዘፈኑ ጀርባ ነበርና።

ልማዱ ሁሉ መልካም ነበር አልልም። የመጀመሪያውን ወተት፣ እንገሩን፣ አሳልበው አስደፉኝ፤ ለሕፃናቱ ጥሬ ቅቤ አስዋጧቸው። ዛሬ የትኛውም ጤና ጣቢያ እንገሩ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት እንደሆነ ይነግርሻል፤ ለዚያች ለትንሿ ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልጋት ነበር። እንጥል የሚቆርጥ ሰው በየሰፈሩ ይዞር ነበር፤ በዚህ የሞቱ ሕፃናት አውቃለሁ። ወንዱ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፤ ሴቷንም እናስገርዛት ሲባል ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ እምቢ አለ፤ ሰፈሩ ብዙ ጊዜ አማው። ያ ድርጊት በ1997ቱ የወንጀል ሕግ እስኪከለከል ስንቷ ሴት ልጅ አልፋበታለች። በ1992 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ 412 ሆነ። ይህን ያመጣው አዋላጅ ነርስና ሐኪም ቤት ነው። እማማም ቢኖሩ ደስ ባላቸው።

ክርስትናው ደግሞ መንታዎቹን ለያያቸው። መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም ገነት የገባው በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ነው ይላል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 የምታጠምቀው በዚሁ ነው። እናትም እንደ ወለደችው ልጅ ቀኗን ትጠብቃለች። እኔ ሴት ስለወለድኩ ሰማንያዬ አልሞላም፤ ወንዱ ግን አርባው ሞላ። የክርስትና አባቱ ታቅፈው ወደ ጊዮርጊስ ገቡ፤ እኔ ከቅጽሩ ውጭ፣ ሴቷን በደረቴ እንዳሰርኩ ቆምኩ። ስምንት ማዕዘን ያለው ያ ቤተ መቅደስ ዘውዲቱ በ1909፣ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዘውድ የጫኑበት ነው። የሰፈራችን ስም ባለቤት ሚስት የነበሩት ዘውዲቱ ልጅ ሳያስቀሩ ነው ያለፉት፤ ያን ጠዋት በዚያ ቅጽር ሥር ቆሜ ስለ እሳቸው አሰብኩ። ወንዱ ወልደ ጊዮርጊስ ተብሎ፣ ቆርቦ፣ ማዕተቡን አንገቱ ላይ አስሮ ወጣ። ከዚያ ቀን እስከ እህቱ ሰማንያ ድረስ አንዱ ክርስቲያን አንዷ ገና ሆነው በአንድ አልጋ ተኙ፤ ባለ ግቢዋ በዚያ መሐል ሴቷን ለአፍታ እንኳ ብቻዋን ያስቀመጠ ሰው ላይ ይጮኹ ነበር። በሰማንያዋ ወለተ ማርያም ተባለች። ገብቼ ልጄን ከካህኑ እጅ የተቀበልኩት እኔው ነኝ።

አብዮቱ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ቡና ቤቶቹ ተዘጉ፤ ሁለቱ ሴቶች አንዷ ወደ አሰብ፣ አንዷ ወደ ትውልድ አገሯ ሄዱ። በሐምሌ 1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ባለ ግቢዋ አንዱን ክፍል ይዘው የቀረው የቀበሌ ሆነ፤ ግድግዳው፣ በሩና ማድ ቤቱ ግን ያው ስለነበር ሥርዓቱም ቀጠለ። ከእኔ በኋላ በዚያ ግቢ መንታ የወለደች ሁሉ በዚያው መንገድ ተይዛለች። ደርግም፣ ኢሕአዴግም ያላፈረሱት ነገር ነበር። በ2016 በኮሪደር ልማቱ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው፣ የእኛም ግቢ ጭምር፣ ሲፈርስ ግን ሰዉ ተበተነ። የልጆቼ እትብት የተቀበረው እዚያ ነው። እኔ የምቆጨው ለጭቃው ቤት አይደለም፤ መጸዳጃው ለሰው ልጅ የማይገባ ነበር። የተቆረጠው ግን አንዷ ስታለቅስ ሌላዋ የምትሰማበት ርቀት ነው።

የልጅ ልጄ በዚህ ዓመት ሁለት ሴቶች ወልዳለች፤ አያት ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ሐኪም ቤቱ መንታ መሆናቸውን በሦስተኛው ወር ነገራት፤ በሰላም ወለደች፤ ትንሿን ነርሶቹ ራሳቸው በደረቷ ላይ አሰሩላት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣታል፤ ስለ መንታ የሚለው ነገር የለም። ባሏ ቀን ሥራ ነው። በአንዱ ፎቅ ላይ አራት በር አለ፤ ሁሉም የብረት ነው፤ ተዘግቶ ይውላል። ስለዚህ ከድሮው ግቢ የቀረነውን በስልክ ሰበሰብኩ። ሰኞና ረቡዕ የጎጃሟ ልጅ ከአራብሳ ትመጣለች፤ ማክሰኞን የጠላ ሻጯ ምራት ከየካ አባዶ ይዛለች፤ ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ሌሊቱ የእኔና የነርስ ልጄ ነው። ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ሁለት የግቢያችን አሮጊቶች አጥሚቱን አፍልተው በፔርሙስ ይልካሉ፤ ባሏ ከሥራ ሲመለስ ባቡሩ መጨረሻ ላይ ቆሞ ይቀበላል።